አምስተኛዋ

ሁሃና ነበረች መጀመሪያ የሰማችኝ፣
ከአውቶብሴ ወንበር ላይ ቀና ብላ ያየችኝ፤
«ቀጣዩ ፌርማታ፣ ወደብ!» ብዬ ስጣራ፣
«ይሄን ድምፅ ይዞ ሰው ፌርማታ ይጠራ?»

ማክሰኞ ማታ ሄድኩ፤ ኢንቨርካርጊል ዝናብ፣
ነፋሱ ከደቡብ፣ ጨው ያዘለ ወጀብ፤
የደንብ ልብሴን ሳልለውጥ ከአዳራሹ ስደርስ፣
ውሃ የቋጠረ ጫማዬ ሲያለቅስ፣
አንዲት የማላውቃት፣ ሬይዊን የሚሏት፣
የሱፍ ካልሲ ሰጠችኝ፣ ተረከዙ የሳሳበት።

ባርበርሾፕ ይሉታል፣ የጢም ላጮች ዜማ፤
ከመሃላችን አንድም ጢም ያላት የለማ!
«እኔን ሳትቆጥሪ» ትላለች ቤሪል፣
አገጯን ስትዳብስ ሳቅ ጣራ ይነካል።

ፒያኖ የለንም፣ ጊታር የለን፣ ከበሮ፤
ያለን ጉሮሮ ነው፣ ጉሮሮ በጉሮሮ።
ኖዌሊን ክቧን ፊሽካ ከከንፈሯ ስታስነካ፣
ሠላሳ አንድ ሳንባ ባንዴ ይሞላል ለካ።

እኔ ባስ ነኝ፤ ከሥር፣ ከወለሉ በታች።
በልጅነቴ መምህሬ ከሰልፍ ጠርታኝ ወጣች፣
«አፍሽን አንቀሳቅሺ፣ ድምፁን ግን ተይው» አለች።
ተውኩት። አርባ ዓመት ሙሉ፤
ስልክ ሳነሳ «ጌታዬ» እያሉ።
እነዚህ ግን፣ «የት ነበርሽ? የት ነበርሽ እስካሁን?
ግድግዳ አቁመን ነበር፣ መሠረት ቸግሮን!»

የግሌኒስ ባሪቶን የትርፍራፊ ዕጣ፣
ከሁሉም ተርፎ ነው ለእሷ የሚመጣ፤
ብቻውን ሲሰማ ምኑም ዜማ አይመስል፣
ወጥ ቤት ስትለማመድ ባሏ «አሞሻል?» ይላል።
ግን እሷ የቀረች ለት፣ ስሙንማ ማታ፣
ቁልፍ እንደጎደለው ካፖርት ነን፤ ነፋስ ይገባል በዚያች ቦታ።

የሁሃና የበኩር ልጅ የታሰረ ሰሞን፣
«ምን አጠፋ?» ሳንል ተራ ተከፋፈልን፤
ይህ ቅዳሜ የግሌኒስ፣ መጪው የኔ መኪና፣
ሦስት ሰዓት መንገድ፣ ከጎን ክፍሏን ስታጠና፤
የወህኒው በር ሲደርስ ዜማውን ዋጥ አድርጋ፣
ትገባለች፤ እኛም ከግንቡ ጥግ ጠጋ።
ስትወጣ አንጠይቅም። መኪናው ሲነሳ፣
ካቆመችበት ቦታ ትጀምራለች፣ ሳትረሳ።

ከዘጠኝ ስምንተኛ! ዌሊንግተን ድረስ ሄደን፣
ቤሪል ሦስት ወር የሰፋችው ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰን።
የኔ ዚፕ መድረክ ላይ ተበጠሰ፤ ግሌኒስ
በእጇ ይዛው ዘፈነች፣ ዘፈኑ እስኪጨረስ።
ዳኛዋ በወረቀት፣ በጨዋ ትሕትና፣
«ልብ አለው» ብላ ጻፈች፤ ሌላ ምን ትበልና!

ስንመለስ በመርከብ፣ ባሕሩ ሲንጠን፣
ሁሃና እንኳ ሳትቀልድ፣ ዝምታ ውጦን፣
ወደ መኪናዎቹ ወለል ወረድን።

በሩ አልከፈት አለ።
ከጭነት መኪናዎች መሃል፣ በናፍጣ ሽታ፣
በብረቱ ሆድ ውስጥ፣ ባንዲት አምፖል ጭላንጭል፣
ቆምን።
ኖዌሊን ፊሽካዋን አላወጣች።
እንዲሁ፣ ለራሷ፣ አንጎራጎረች።
ሬይዊን ከላይ ገባች። ቤሪል ዜማውን ያዘች።
እኔ ከሥር፣ ወለሉ እግሬ ሥር እስኪነዝር፤
ግሌኒስም ያን ማንም የማይፈልገውን፣
ያን የተረፈውን ኖታ
አምጥታ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠችው።

ያኔ መጣች።
አምስተኛዋ።
ከጣራው በታች፣ ከራሳችን በላይ፣
ቀጭን፣ ጥርት ያለች፣
ከማናችንም አፍ ያልወጣች ድምፅ።
ኖዌሊን ስለሷ ለዓመታት ነግራናለች፤
«አራቱ ልክ ሲገጥሙ ራሷ ትመጣለች፣
አትጥሯት፣ አታሳዷት» ብላ።
እኔ ግን ለማጽናኛ የምትለው ይመስለኝ ነበር።

አንድ የከባድ መኪና ነጂ ሞተሩን አጠፋ።
ዳቦውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ።
ግሌኒስ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤
ቦታውን እስከዛሬ አውቀዋለሁ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ ብርሃን፣ ነፋስ፣ ጥሩምባ፣
ከኋላ «ንዱ እንጂ!» ሲል ሰው፣ ተሯሩጠን ስንገባ፣
መሪዬን ጨብጬ ሳለሁ፣ ሬይዊን ከኋላ ወንበር
«የኔ ካልሲስ?» አለች።
ስድስት ዓመቷ ነው ስትጠይቅ።
«ማክሰኞ አመጣዋለሁ» አልኳት፣
እንደ ሁልጊዜው።